ራውተሬን ያለ ሪሴት የከፈተልኝ የደሴ ጥገና ቤት

የቤቴን ራውተር ፈርምዌር፣ ማለትም መሣሪያውን የሚያሠራውን የውስጥ ሶፍትዌር፣ ካሻሻልሁ በኋላ ኢንተርኔቱ እንደወትሮው እየሠራ የማስተካከያ ገጹ ግን አላስገባ አለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ የገባሁበትን የይለፍ ቃል «የተሳሳተ ነው» እያለ ይመልስብኝ ነበር፤ ደጋግሜ ስሞክርም መግቢያውን ጭራሽ ለጊዜው ዘጋው። መጀመሪያ ያማከርሁት ባለ ሱቅ ከራውተሩ ጀርባ ያለችውን የሪሴት (ሁሉን ወደ ፋብሪካው አሠራር የምትመልሰውን) ቀዳዳ በመርፌ ተጭኜ አሥር ሰከንድ እንድይዝ ነገረኝ። ምክሩ በሌላ ቤት ይሠራ ይሆናል፤ ለእኔ ግን አደገኛ ነበር፤ ምክንያቱም ሪሴት የመግቢያውን ቃል ብቻ ሳይሆን መስመሩ ሲገባ የተሞላውንና ራውተሩ ከኢንተርኔት አቅራቢው ጋር የሚገናኝበትን የፒፒፒኦኢ የተጠቃሚ ስምና የምስጢር ቃልም አብሮ ያጠፋል፤ እኔ ደግሞ ያ የተጻፈበት ወረቀት ከጠፋብኝ ቆይቷል።

በዚህ ጭንቀት ላይ ሳለሁ ነው ፒያሳ አካባቢ ወዳለች አንዲት ጠባብ የኮምፒውተርና የሞባይል ጥገና ቤት የሄድሁት። ወጣቱ ባለሙያ ራውተሩን ከመንካቱ በፊት «ጋሼ፣ ሲያሻሽሉት መብራት ጠፍቶ ነበር? ዋይፋዩስ አሁንም ይሠራል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን ማሻሻያው በመካከል ተቋርጦ ቢሆን ኖሮ ፈርምዌሩ በግማሽ ስለሚጻፍ መፍትሔው ፈጽሞ ሌላ ይሆን ነበር። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አንብቦ የጫንሁት ፋይል ከራውተሩ የሃርድዌር ስሪት ቁጥር ጋር መግጠሙንም አረጋገጠ፤ ሞዴሉ አንድ ሆኖ ቁጥሩ ከተለያየ ፋይሉ ራውተሩን ከነጭራሹ ሊያበላሸው ይችላልና።

ከዚያ በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል ከላፕቶፑ ጋር አገናኘው። የማስተካከያ ገጹ አድራሻ እንደ ቀድሞው 192.168.1.1 መሆኑን ካየ በኋላ ብሮውዘሩ ያስቀመጠው አሮጌ ገጽ እንዳያሳስተው በአዲስ የግል መስኮት ከፈተው፤ ይህም አልበቃም። በመጨረሻ የይለፍ ቃሌ ስንት ፊደል እንደሆነ ጠየቀኝ፤ 19 መሆኑን ነገርሁት። የቀድሞው ፈርምዌር ከ15 ፊደል በላይ የሆነውን ሳያስታውቅ ቆርጦ ሲያስቀምጥ ኖሮ፣ አዲሱ ደግሞ የጻፍሁትን ሙሉውን ስለሚያነብ ሁለቱ አልገጠሙም ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹን 15 ፊደላት ብቻ እንድጽፍ ነግሮኝ ፊቱን አዞረ፤ ጻፍሁ፤ ተከፈተ። አንድም ማስተካከያ ሳይጠፋ መግባት መቻሌ ይህን ያህል ያስደስተኛል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

የማስተካከያውን ቅጂ በፍላሽ ገለበጠልኝ፤ የመግቢያውን ቃል እንድቀይር አድርጎም ከውጭ ሆኖ ራውተሩን ማዘዝ የሚቻልበትን መንገድ ዘጋልኝ። ለዚህ ሁሉ የተቀበለኝ 300 ብር ነው፤ ለሥራው በጣም ተገቢ ዋጋ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ቅሬታዬ በቤቱ አሠራር ላይ ነው። ወረፋው ሁለት ሰዓት ገደማ ፈጀ፤ ደረሰኝም አልተሰጠኝም። ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ባንኮኒው ላይ የተደረደሩት የሌሎች ደንበኞች ራውተሮች የዋይፋይ ቃላቸው ተለጥፎባቸው ለገባው ሁሉ መታየታቸው ነው። የእኔም የማስተካከያ ቅጂ ላፕቶፑ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ስጠይቀው ወዲያው ፊቴ አጠፋው፤ ሳይጠየቅ ሊያደርገው ይገባ ነበር።

ለሚሄድ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፦ አዳፕተሩንም ይዛችሁ ሂዱ። የእኔ ራውተር 12 ቮልት የሚፈልግ ሲሆን በሱቁ የነበረው ባለ 9 ቮልት ነበር፤ ጫፉ ቢገባም ባለሙያው ሊሰካው ፈቃደኛ ስላልሆነ አዳፕተሩን ለማምጣት እስከ ሰፈሬ ሆጤ ተመልሻለሁ።