አድራሻው ላይ «ፎልስ ቸርች» ስለተጻፈ ብቻ ውል አትፈርሙ

የቤት ኪራይ ውሉን ከፈረምኩ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኔ ነው። ዕቃችን ገና ከካርቶን አልወጣም። የልጆቹ የክትባት ካርድ፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የቀድሞ ትምህርት ቤታቸው ውጤት ብቻ ለምዝገባ ብዬ አስቀድሜ አውጥቼ በአንድ ፋይል አዘጋጅቼው ነበር። ጠዋት ይዤው ሄድኩ፣ ይዤው ተመለስኩ። ከሌላ ስቴት ወደ ሰሜን ቨርጂኒያ ልጆች ይዛችሁ ለመምጣት የምታስቡ ወገኖቼ፣ ንዴቴ ሳይበርድ የጻፍኩትን አንብቡልኝ።

የኪራይ ቢሮውን ሰውዬ ታውቁታላችሁ። ስማችሁን ማመልከቻው ላይ ሲያይ ፊቱ ይበራል፣ «ሐበሻ ነሽ እንዴ?» ብሎ ከወንበሩ ይነሳል። ውሃ ያቀርባል፣ የልጆቹን ስም ይጠይቃል፣ እሱም ሲመጣ እንዴት እንደተቸገረ ያጫውታችኋል። ከዚያ በኋላ ከአፉ የሚወጣው ሁሉ የወንድም ምክር ይመስላል።

እኔ የነበረኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። ልጆቼ በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ትምህርት ቤት ቀያይረዋል። ትልቋ ሰባተኛ ክፍል ትገባለች፤ ጓደኛ ማፍራት ስትጀምር ስንነሳ፣ ስትጀምር ስንነሳ ልጅቷ ዝምተኛ ሆነችብኝ። የፎልስ ቸርች ከተማን የፈለግሁት ለዚህ ነው። ከተማዋ ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከፌርፋክስ ካውንቲ፣ ማለትም ከጎረቤቷ ትልቅ የአስተዳደር ወረዳ፣ ተለይታ ራሷን የቻለች፣ ስፋቷም አምስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የሆነች ትንሽ ከተማ ናት። የራሷ የትምህርት ዲስትሪክት አላት፤ መካከለኛውም አንድ፣ ሁለተኛ ደረጃውም አንድ ነው። አንዴ የገባ ልጅ ከእነዚያው ልጆች ጋር እስከ ምረቃ ይዘልቃል። ልጆቼ እንዲያገኙ የፈለግሁት ይህንን ነበር።

«ልጆቼ የሚገቡት የከተማው ትምህርት ቤት ነው? የካውንቲው አይደለም?» ብዬ ሁለቴ ጠየቅሁት። ማመልከቻውን ወደ እኔ አዞረና በእስክሪብቶው ጫፍ አድራሻውን መታ መታ አደረገው። «እህቴ፣ ይኸው ፎልስ ቸርች ይላል አይደል? ምን ያሳስብሻል?»

ስልኬ እጄ ላይ ነበር። የቤቱን ቁጥርና የመንገዱን ስም በዲስትሪክቱ ድረ ገጽ ላይ ማስገባት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ግን ይሉኝታ ያዘኝ። ፊቱ ቁጭ ብዬ ያለኝን ሳጣራ ቢያየኝ «አላመነችኝም» ይላል ብዬ አፈርኩ። የመኪና ብድር ስፈርም እያንዳንዱን መስመር ያነበብኩ ሴት፣ በልጆቼ ነገር ላይ የማላውቀው ሰው እንዳይቀየመኝ ተጨነቅሁ። ከትናንት ወዲያ ቢነግሩኝ አላምንም ነበር።

ዛሬ ጠዋት የከተማው ትምህርት ቤት መዝጋቢ አድራሻውን ኮምፒውተሯ ላይ አስገባች፣ ትንሽ ዝም አለች፣ ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ቤታችን ከከተማው ወሰን ውጭ ነው። ፌርፋክስ ካውንቲ ነው። «ብዙ ሰው ይሳሳታል» አለችኝ በደግነት። ፎልስ ቸርች የሚለው ስም ከከተማዋ በጣም ሰፍቶ በፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥም ይሠራል፤ ፖስታ ቤቱ ደብዳቤ ለማደል ሲል የሰጠው ስም እንጂ ትምህርት ቤት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

በቀጥታ ወደ ኪራይ ቢሮው ሄድኩ።

ሲያየኝ አልተነሳም። በአማርኛ ጀመርኩለት፤ «ወንድሜ፣ ሁለቴ ጠይቄህ ነበር» አልኩት። የመለሰልኝ በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ደገምኩለት፤ አሁንም በእንግሊዝኛ መለሰ፣ ያውም አጠገቡ ያለችው ባልደረባው እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ከአሥራ አንድ ቀን በፊት «እህቴ» የነበርኩት «ማዳም» ሆንኩ። ስለ ትምህርት ቤት ለተከራይ መናገር ሕጉ እንደማይፈቅድለት፣ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ እንደማያውቅ ነገረኝ። ከዚያ ውሉን አወጣና በዚያው እስክሪብቶ አንድ መስመር ከሥሩ አሰመረበት፦ አከራዩ ስለ ትምህርት ቤት ምደባ ምንም ዋስትና አይሰጥም። ከመስመሩ አጠገብ የስሜ መነሻ ፊደላት ተጽፈዋል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ገጾቹን እያገላበጠ «እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህ ጋ» ሲለኝ የፈረምኩት ነው።

ያነሳው ሕግ በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣው ፍትሐዊ የመኖሪያ ቤት ሕግ ነው። ያ ሕግ እንደ እኛ ያለውን ሰው በዘሩና በትውልድ አገሩ እየለዩ ወደዚህ ሰፈር ና፣ ወደዚያ አትሂድ እንዳይሉት የወጣ ነው። አንድ ቤት በየትኛው ዲስትሪክት ውስጥ እንደሚገኝ እውነቱን መናገርን አይከለክልም። መዋሸትንማ ማን ፈቅዶለት! እኛን ሊጠብቅ የወጣውን ሕግ መሸሸጊያ ሲያደርገው ከውሸቱ በላይ አቃጠለኝ።

ውሉን ላፍርስ ብል የሁለት ወር ኪራይ ቅጣትና የስልሳ ቀን ቅድመ ማስታወቂያ አለበት። የማመልከቻው ክፍያም አይመለስም። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ከዚህ ቤት አምስት ደቂቃ ርቆ በወር 380 ዶላር የሚቀንስ አፓርትመንት አይቼ ነበር። እዚያ የነበረችው ሴት ገና ሳልጠይቃት «ይህ የፌርፋክስ ካውንቲ ነው፣ ትምህርት ቤቱም የካውንቲው ነው» ብላ በግልጽ ነገረችኝ። እውነቱን ስለነገረችኝ ጥያት ወጣሁ። ዛሬ ሳጣራ ሁለቱም ቤቶች የተመደቡት ለአንድ ትምህርት ቤት ነው። በዓመት 4,560 ዶላር የምከፍለው ለውሸቱ ብቻ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት የቤቱን ቁጥር ይዛችሁ ራሱ ትምህርት ቤቱ ምዝገባ ክፍል ደውሉ፤ ዚፕ ኮድ ብቻ አይበቃም። አሌክሳንድሪያም ያው ነው፤ አድራሻው አሌክሳንድሪያ የሚል፣ ቤቱ ግን የፌርፋክስ ካውንቲ የሆነ ብዙ ሰፈር አለ። ደጅ ላይ ያገኛችሁትን ተከራይ «የመኪና ግብር የምትከፍለው ለከተማው ነው ለካውንቲው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱ ቁርጡን ይነግራችኋል። «የአገር ልጅ ነኝ» የሚላችሁንም ያለውን በኢሜይል እንዲጽፍላችሁ ጠይቁት፣ አትፈሩ።

የተመደበላቸው ትምህርት ቤት ምንም አላጠፋም፤ መምህራኑም ጥሩ ይሆናሉ። ሰኞ አስመዘግባቸዋለሁ። ትልቋ ማታ «የሚቀጥለው ዓመትስ እንነሳለን?» ብላ ጠየቀችኝ። ውሉ የአንድ ዓመት ነው። ምን ብዬ እንደምመልስላት ጠፍቶኝ «እራት ቀርቧል» አልኳት።