ስዕል የሚገባት ኮፒ ቤት፣ ፔዳ አካባቢ

ባሕር ዳር ሆናችሁ በእጅ የተሣለ ነገር ለጋዜጣ የምታዘጋጁ ከሆነ፣ ፔዳ ግቢ አካባቢ ካሉት ኮፒ ቤቶች አንዷን ልጠቁማችሁ። ጠባብ ናት። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ግን ስዕልን እንደሷ የሚንከባከብ ቤት እዚህ ከተማ አላየሁም።

ይዤ የሄድኩት ስለ አሻንጉሊት ቲያትር የሠራሁትን ባለ አንድ ገጽ ኢንፎግራፊክ (መረጃን በስዕል የሚያስረዳ ሥራ) ነው። ኤ3 ወረቀት፣ ጥቁር ቀለም ብቻ። ከላይ የጃፓኑ ቡንራኩ፣ ከታች የቬትናም የውሃ ላይ አሻንጉሊት። ሌላ ቤት ቢሆን ተቀብለው ስካነሩ ላይ ጣል ያደርጉታል፣ አለቀ። እዚህ የምትሠራው ልጅ ግን መጀመሪያ "ጋሼ፣ የሚያሳትሙት በምን ወረቀት ነው?" አለችኝ። የጋዜጣ ወረቀት ነው አልኳት። ስዕሉን ወደ በሩ ይዛ ሄዳ በብርሃን አየችው።

በቡንራኩ አንዱን አሻንጉሊት ሦስት ሰው ነው የሚያንቀሳቅሰው። ዋናው የአሻንጉሊቱን ጭንቅላትና ቀኝ እጅ ይይዛል፣ ሁለተኛው ግራ እጁን፣ ሦስተኛው እግሩን። ሁለቱ ረዳቶች ፊታቸው ሳይቀር በጥቁር ይሸፈናሉ። እነሱን ድፍን ጥቁር ላድርጋቸው ወይስ በጭረት ልሙላቸው ብዬ ሁለቱንም ሠርቼ ነበር። ልጅቷ ሳታመነታ ባለ ጭረቱን መረጠች። የጋዜጣ ወረቀት ስስ ነው፣ ቀለም ይመጥጣል፤ ድፍኑ ጥቁር በጀርባ በኩል ይታያል፣ የአንባቢውንም ጣት ያጠቁራል። እውነቷን ነው።

ከዚያ ጥግ ላይ አጉልቼ የሣልኳትን ሴት አሻንጉሊት አይታ "እግሯስ?" አለች። የቡንራኩ ሴቶች አብዛኛውን ጊዜ እግር የላቸውም። እግር ያዡ የቀሚሷን ጫፍ ከውስጥ እያንቀሳቀሰ ነው የሚያስኬዳት። ይህን ስነግራት ሥራዋን ትታ ማብራሪያውን እስከ መጨረሻው አነበበችው። አንባቢም እንዲህ ቢያነበው ሌላ ምን እፈልጋለሁ!

ስካነራቸው ኤ4 ነው። ስለዚህ ላዩን፣ መሃሉንና ታቹን ለየብቻ ስካን አድርጋ ገጠመችው፤ መጋጠሚያው የቱ ጋ እንደሆነ እኔ ራሴ ፈልጌ አላገኘሁትም። በኢንች 1200 ነጥብ ነው ያነሳችልኝ። ለመስመር ስዕል ይህ ነው ደጉ፤ 300 ለፎቶ ይበቃል እንጂ ቀጭን መስመርን ይሸራርፈዋል።

እኔን የጨነቀኝ የታችኛው ስዕል ነበር። የቬትናሞቹ ተጫዋቾች ከቀርከሃ መጋረጃ ጀርባ፣ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ቆመው፣ አሻንጉሊቱን በረጅም ዘንግ ነው የሚነዱት። ዘንጉ ከውሃው ሥር ስለሚሄድ ተመልካች አያየውም። እኔ በነጠብጣብ መስመር ነው ያሳየሁት። ነጠብጣቡ ከጠፋ ስዕሉ ምንም አይናገርም። ልጅቷ ለሙከራ ያስቀመጠችው የጋዜጣ ወረቀት አላት፤ በትክክለኛው መጠን አትማ ሰጠችኝ። ነጠብጣቡ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ዋጋቸው ከጎረቤቶቻቸው ወደድ ይላል፣ አይቆጨኝም። መብራት ከጠፋ ግን ሥራ የለም፣ ጄኔሬተር አልገዙም። ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያሳትሙበት ሰሞን ደግሞ ጠዋት በሩ ሲከፈት ካልደረሳችሁ ወረፋው አይቻልም። ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። በቴሌግራም ላኪልኝ ብያት እንቢ ብላኛለች፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይወርዳል አለች። ፋይሉን በቲፍ (ጥራቱን ሳይቀንስ በሚያስቀምጥ የስዕል ፋይል ዓይነት) ነው የምትሰጣችሁ፤ ጋዜጣው ቤት የሚያስፈልገውም እሱ ነው።