ራቭ ፎር፣ ግራንድ ቪታራ ወይስ ፕራዶ? የመሃል ዲፈረንሻሉ ሲያረጅ የትኛው ይሻላል

ባለፈው ክረምት የአጎቴ ልጅ መኪና ሊገዛ አስቦ አንድ የ2003 ሞዴል ራቭ ፎር ልናይ አብረን ሄድን። መኪናው ታጥቦ ያብረቀርቃል፤ ሞተሩ ሲነሣ ድምፁ ለስላሳ ነው፤ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ አልተገፈፈም። ይዘነው የሄድነው መካኒክ ግን ኮፈኑን ለማስከፈት አልቸኮለም። ካርቶን አንጥፎ ከሥር ገባና የስልኩን መብራት አበራ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ጎንበስ ይበሉ። ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ የታለ?» አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከካምቢዮው እስከ ኋላው ዲፈረንሻል ዘንጉ የሚያልፍበት ቦታ ባዶ ነው። ሻጩ አላፈረም፤ «ነዳጅ እንዲቆጥብ ብለን ነው ያወለቅነው» አለ።

መካኒኩ ሳቀ። ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው የመሃል ዲፈረንሻል ተጣብቆ መኪናው በታጠፈ ቁጥር ወደ ኋላ ሲጎትት፣ ዘንጉን አውልቆ በፊት ጎማ ብቻ ማስነዳት የቆየ ዘዴ ነው። የተጠየቀው ዋጋ ግን አራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ዋጋ ነበር።

ይህ ነገር ወደፊት የሚብስ ይመስለኛል። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ገበያ ላይ የምናገኘው ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የኖረ መኪና ነው። ንጽጽሬን በፈረስ ጉልበትና በነዳጅ ፍጆታ ሳይሆን በዚህ ከሥር በተደበቀ ዕቃ ላይ ያደረግሁት ለዚህ ነው።

መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ ሰፋ ያለ ክብ ይዞራሉ፤ ስለዚህ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ። አራቱም ጎማዎች ሁልጊዜ ኃይል በሚያገኙበት መኪና ይህን ልዩነት የሚያስታርቀው የመሃል ዲፈረንሻል ነው። እሱ ከተጣበቀ፣ በጭቃና በኮረት ላይ ጎማው ትንሽ ተንሸራትቶ ይገላግላል። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን መንሸራተት ስለማይችል ጭነቱ በሙሉ በዘንጎቹና በጥርሶቹ ላይ ያርፋል። ነጂው የሚሰማው ጠባብ መታጠፊያ ላይ አንድ ሰው ፍሬን የያዘበት ያህል ነው፤ አንዳንዴም መኪናው ዘለል ዘለል ይላል።

ከራቭ ፎር እንጀምር፤ ከ2000 እስከ 2005 (እ.ኤ.አ.) ከተሠራው። ይህ መኪና ኃይሉን ለፊትና ለኋላ እኩል ያካፍላል። የሚቆጣጠረው ደግሞ በወፍራም የሲሊኮን ፈሳሽ የተሞላ፣ ውስጡ ቀጫጭን ዝርግ ብረቶች የተደረደሩበት ዝግ ዕቃ ነው። የፊትና የኋላ ፍጥነት ሲለያይ ፈሳሹ ይሞቃል፣ ብረቶቹንም ያያይዛል። አሠራሩ ብልህ ነው፤ ነጂው ምንም መንካት አያስፈልገውም። ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል። ልዩነቱ ለአፍታ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ከሆነ ፈሳሹ እየተቃጠለ ይሄድና ዕቃው ለሁልጊዜ ይጣበቃል።

ልዩነቱን ቀኑን ሙሉ የሚያደርገው ምንድን ነው? ጎማ። እኛ አገር አራት ጎማ በአንድ ጊዜ የሚቀይር ሰው ብርቅ ነው። ሁለት አዲስ ከፊት፣ ሁለት ያለቀ ከኋላ፤ አለዚያም አንዱ ሲፈነዳ ልኩ የማይገጥም መለዋወጫ ታስሮ ወር ይከርማል። ትንሹ ጎማ ከትልቁ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይዞራል፤ ስለዚህ መኪናው ቀጥ ባለው የአዳማ ፍጥነት መንገድ ላይ እየሄደም እንኳ ዲፈረንሻሉ ሲታጠፍ እንደዋለ ይቆጥረዋል። ሌላው ገዳይ መጎተት ነው። ፊቱ ተንጠልጥሎ የኋላ ጎማው እየተሽከረከረ ረጅም መንገድ የተጎተተ ራቭ ፎር፣ የተጎተተው ለፍሬን ብልሽት ቢሆንም፣ ሲደርስ ሌላ ብልሽት ይዞ ይደርሳል። ሻጩን ስለ ሞተሩ ብቻ ሳይሆን ተጎትቶ ያውቅ እንደሆነም ይጠይቁት።

መፈተሻው ቀላል ነው። ሜዳ ቦታ ላይ የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ያስደግፉ፣ ማርሹን ነጻ ያድርጉና አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ ያንሡ። ከዚያ ጎማውን በእጅዎ ይግፉት። ጤነኛው እንደ ማር እየከበደ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ የተጣበቀው ንቅንቅ አይልም። ምንም ሳይከብድ የሚሽከረከር ከሆነ ደግሞ ፈሳሹ ሥራውን ትቷል፣ ወይም እኛ እንዳየነው ዘንጉ የለም።

በ2005 የወጣው ግራንድ ቪታራ ሌላ ጠባይ አለው። እሱም ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ ይሄዳል (47 በመቶ ለፊት፣ 53 በመቶ ለኋላ)፤ ነገር ግን የመሃል ዲፈረንሻሉን ነጂው ራሱ በማዞሪያ ይቆልፈዋል፣ ይፈታዋል። ለገዢ ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ጤነኛና የተጣበቀ ዲፈረንሻል ምን እንደሚመስል መኪናው ራሱ ያሳያል። ኮረት ያለበት ሜዳ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻ አዙረው በዝግታ ይንዱ፤ አንድ ጊዜ በ4ኤች (መሃሉ ሳይቆለፍ)፣ አንድ ጊዜ በ4ኤች ሎክ (ተቆልፎ)። በሁለተኛው መኪናው መክበድ አለበት፣ መብራቱም መብራት አለበት። በሁለቱም እኩል ከከበደ ቁልፉ አልተፈታም። በሁለቱም እኩል ከቀለለ አልተቆለፈም። ማዞሪያው የሌለው ግራንድ ቪታራም ስላለ፣ ዋጋ ከመነጋገር በፊት ዳሽቦርዱን ማየት ነው።

መቆለፊያው ሌላም ጥቅም አለው። ከአዲስ አበባ ርቀው ሳለ ወደ አንዱ ጎማ የሚሄድ ዘንግ ቢሰበር፣ መሃሉን ቆልፎ በሌላው በኩል ባለው ኃይል እስከ ቅርቡ ከተማ መድረስ ይቻላል። የድሮው ራቭ ፎር ባለ አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲሆን ይህን ቁልፍ አይሰጥዎትም። የቪታራው ጣጣ ሰዎች ኃይል ማከፋፈያው (የመሃል ዲፈረንሻሉ ያለበት ሳጥን) የራሱ ዘይት እንዳለው መርሳታቸው ነው። የሞተሩ ዘይት በየጊዜው ይቀየራል፤ ይህኛው ግን ከጃፓን እንደመጣ ይኖራል። የመፍሰሻ ቡሎኑን አስከፍተው ጠብታውን በጣትዎ ይሹት፤ የብረት ቅንጣት ከቆረቆረዎት ወደ ቤትዎ ይመለሱ።

ፕራዶ (ከ2002 እስከ 2009 የተሠራው) ከሁለቱም ይበልጣል። መሃሉ ያለው በጥርስ ብቻ የሚሠራ ቶርሰን ዲፈረንሻል ነው፤ የሚቃጠል ሲሊኮን የለውም፣ መቆለፊያም አለው። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ዲፈረንሻሉ ሳይሆን መቆለፊያውን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር ነው፤ ዓመት ሙሉ ሳይነካ ቆይቶ ይደርቃል፣ መብራቱም ብልጭ ድርግም ይላል። ዋጋው ግን ሌላ ዓለም ነው፤ ነዳጁም እንደዚያው።

ሂሉክስና የመጀመሪያው ቪታራ የመሃል ዲፈረንሻል ጨርሶ የላቸውም፤ ስለዚህ እዚያ የሚበላሽ ነገር የለም። ዘንጎቹን የሚያበላሸው ዝናብ ባየ ቁጥር በአስፋልት ላይ የፊት ጎማዎቹም እንዲጎትቱ የሚያስገባ ሾፌር ነው። ከ2006 ወዲህ የመጣው ራቭ ፎርም የመሃል ዲፈረንሻል የለውም፤ የኋላ ጎማዎቹ ኃይል የሚያገኙት ሲያስፈልግ በኮምፒውተር ትእዛዝ ነው። ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ የፊት ጎታች ሆኖ ይቀጥላል፤ ከሁሉም ቀለል ያለው አበላሸት ይኼ ነው። ከፊትና ከኋላ የየራሳቸው ሞተር ያላቸው አዳዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎችማ ይህን ጭንቀት አያውቁትም።

የተጣበቀ መኪና የገዛ ሰው ምን ያድርግ? መታጠፊያውን አስፍቶ፣ በዝግታ፣ እስከ ጋራዥ መንዳት ይችላል። የሚያፏጭ ወይም ማርሽ ሲገባ ጓ የሚል ከሆነ ግን በፍጥነት መንገድ ላይ አይሞክረው፤ ጥርስ የተሰበረበት ዲፈረንሻል በፍጥነት ላይ ቢያዝ መሪውን ይነጥቃል። መርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ ይገኛል። ሆኖም ያገለገለ የሲሊኮን ዕቃ መግዛት ዓይን ጨፍኖ መግዛት ነው፤ ከመኪና ላይ ሳይወልቅ ካልተፈተሸ እኔ አልገዛም።

የእኔ ምርጫ፣ ራቭ ፎርና ግራንድ ቪታራ በአንድ ዋጋ ከሆኑ፣ ማዞሪያ ያለው ግራንድ ቪታራ ነው። የአጎቴ ልጅ ግን አልሰማኝም፤ ልቡ ራቭ ፎር ላይ ነበር። ሦስተኛውን ስናይ መካኒካችን ክሪኩን አስገብቶ የፊቱን ግራ ጎማ አነሣና ለአጎቴ ልጅ፣ «አንተው ግፋው» አለው። ጎማው ትንሽ እንቢ አለ፣ ከዚያ እየከበደ ዞረ። አራቱም ጎማዎች አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ያለቁ፣ ግን እኩል ያለቁ። ለአዲስ ጎማ የሚሆነውን ከዋጋው ላይ አስቀነሰና ገዛው።