ደብረ ማርቆስ ላይ የሴቶች ጎልፍ የምታሳይ ካፌ

ደብረ ማርቆስ ዲኤስቲቪ ቤት ሞልቷል። ሴት ልጅ ብቻዋን ገብታ ተረጋግታ የምትቀመጥበት ግን ስንቱ ነው? መናኸሪያው አካባቢ ያለች አንዲት ካፌ ለዚህ ብቻ እንኳ ምስጋና ይገባታል። ቅሬታም ስላለኝ ስሟን ትቼዋለሁ።

ጠዋት ኳስ ስለሌለ ሪሞቱ ነፃ ነው። ቡና ያዘዘ የፈለገውን ያስከፍታል፣ መግቢያ ክፈዪ የለም፣ ጨርሰሽ ተነሺ የሚልም የለም። እኔ የማስከፍተው የሴቶች ጎልፍ ነው። አስተናጋጁ መጀመሪያ ግር ቢለውም ስልኩን ከስክሪኑ ጋር አገናኝቶ የ2024ቱን የፓሪስ ኦሎምፒክ የሴቶች ጎልፍ የመጨረሻ ቀን ከፈተልኝ፣ ሳልጠይቀው ድምፁንም ጨመረልኝ። ጎልፍ ያለ ድምፅ አይሆንም። ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ ሲል፣ ዱላው ኳሷን ሲመታት፣ ከዚያ ጩኸቱ ሲፈነዳ መስማት አለባችሁ።

ያን ቀን የማያት ሊዲያ ኮን ነው፤ ሴኡል ተወልዳ ኒውዚላንድ ያደገች ልጅ ናት። በፈረንጆቹ 2012 በ15 ዓመቷ፣ ገና አማተር ሳለች፣ የካናዳ የሴቶች ኦፕን የሚባለውን ውድድር ከባለሙያዎቹ እጅ ወሰደች። በ17 ዓመቷ የዓለም አንደኛ ሆነች፤ ከወንድም ከሴትም በዚያ ዕድሜ እዚያ የደረሰ አልነበረም። ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። ከኤፕሪል 2018 እስከ ኤፕሪል 2021 በዋናው የሴቶች ውድድር፣ በኤልፒጂኤ፣ አንድም አላሸነፈችም። ሦስት ዓመት! አሰልጣኝ ቀየረች፣ ካዲ (ዱላ የሚሸከምላትን ረዳት) ቀየረች፣ በየሳምንቱ ግን ሰው ፊት መቆም ነበረባት። በልጅነቱ ጎበዝ የተባለ ሰው ይሄን ያውቀዋል፤ ሲወድቅ አገር ነው የሚያየው።

እንግዲህ ፓሪስ ላይ ይህችው ልጅ በ2016ቱ ኦሎምፒክ ብር፣ በቶኪዮው ነሐስ ወስዳ የቀራት ወርቁ ብቻ ነበር። ጎልፍ ላይ በትንሽ ምት የጨረሰ ነው የሚያሸንፈው። በአምስት ምት እየመራች ሳለ 13ኛው ቀዳዳ ላይ ኳሷን ውሃ ውስጥ ከተተችው። ጀርመናዊቷ አስቴር ሄንዘላይት ከፊት ጨርሳ እየጠበቀች ነው፣ ልዩነቱም አንድ ምት ሆኗል። ካፌው ውስጥ እኔ ቡናዬን ረስቼዋለሁ። ኮ መጨረሻው፣ 18ኛው ቀዳዳ ላይ አልተጣደፈችም። ውሃውን በአንድ ምት ልሻገር ሳትል አሳጥራ መታች፣ ቀጥላ ኳሷን ቀዳዳው አጠገብ አሳረፈቻት፣ ከዚያም አስገባቻት። በሁለት ምት አሸነፈች። ወዲያው እንባዋ መጣ።

አጠገቤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሻይ የሚጠጡ አባት ነበሩ። «እኔ የምለው ልጄ፣ አሸንፋ ለምን ታለቅሳለች?» አሉኝ። ብሩንም፣ ነሐሱንም፣ ሦስቱን ዓመትም ነገርኳቸው። በዚያች ወርቅ የጎልፍ የክብር መዝገብ ለመግባት የሚያስፈልገው 27ኛ ነጥብ እንደሞላላት፣ ዕድሜዋም ያኔ 27 እንደነበር ጨመርኩላቸው። «እንግዲያማ ታልቅስ» አሉ። ሽልማቱ እስኪያልቅ አብረን አየን። እሳቸው በልጅነታቸው የገና ጨዋታ ተጫውተዋል፣ ዱላ አያያዟን ከኔ በላይ ነው ያዩላት።

ጎልፍ ከባድ የሚሆነው ተበላሽቶብሽም ቅያሪ ስለሌለ ነው። በዚያው ዓመት አምስት ውድድር በተከታታይ ያሸነፈችው አሜሪካዊቷ ኔሊ ኮርዳ በአሜሪካ የሴቶች ኦፕን የመጀመሪያ ቀን፣ በሦስት ምት ማለቅ ያለበትን ቀዳዳ በ10 ነው የጨረሰችው። ሦስት ኳስ ውሃ በላባት። ከዚያ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ በእግሯ ሄደች፤ ሌላ ምን ታደርጋለች? ሌላዋ አሜሪካዊት ሌክሲ ቶምፕሰን ደግሞ በ29 ዓመቷ በሙሉ ጊዜ መወዳደሩን እንደምትተው ስትናገር፣ የሚታየው ሁሉ ደስታ እንዳልሆነ፣ ብቸኝነቱም ከባድ እንደሆነ በግልጽ አወራች። ይሄን ሁሉ በሁለት ደቂቃ ቅንጭብ አታገኙትም፣ ቁጭ ብሎ ማየት ይፈልጋል። ካፌዋን የወደድኳትም ቁጭ ስለምታስብል ነው።

ምግቡ? ፍርፍሩ ግሩም ነው፣ ቅቤው የጎጃም ቅቤ ነው፣ ሽታው ከበር ይቀበላችኋል። ማኪያቶው ቀጭን ነው፣ ቡናውን እዘዙ። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ያስነሳሉ። መጸዳጃው ግን ብዙ ጊዜ ውሃ የለውም፣ ይሄ ይስተካከል። በመስኮቱ ትይዩ ያለው ወንበር ላይ አትቀመጡ፤ ጠዋት ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ስለምታርፍ ነጯ ኳስ ጭራሽ አትታይም።

ትልቁ ቅሬታዬ እሁድ ነው። አራት ቀን የተለፋበት የጎልፍ ውድድር አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው እሁድ ነው፣ የእንግሊዝ ኳስም እሁድ አለ። መጨረሻው ቀዳዳ ላይ ተደርሶ ልጅቷ ለመምታት ጎንበስ ስትል ቻናሉ ተቀየረ። አንድ ደቂቃ ብዬ ለመንኩ፣ የሰማኝ የለም። በእውነት ከፍቶኝ ነው የወጣሁት። ቤቱ በኳስ እንደሚኖር ይገባኛል፣ ሁሉም ለኔ ይሁን አላልኩም። ግን ጓዳ በኩል አቧራ የጠጣች ትንሽ ቲቪ አለች። ባለቤቷ ይሄን ካነበቡ፣ እትዬ፣ እሷን እሁድ እሁድ ይክፈቱልን። ፍርፍርም ቡናም እያዘዝን እስከ ማታ እንቀመጣለን።