ከልጄና ከእማዬ ጋር ላይብረሪ ፍለጋ

ከዲሲ አዲስ አበባ ለሦስት ሳምንት ነው የመጣነው፣ ከዘመድ ጥየቃው ቀጥሎ ዋናው ሐሳቤ የስድስት ዓመት ልጄን ከአማርኛ መጽሐፍ ጋር ማስተዋወቅ ነበር፣ ትሰማለች ትናገራለች ፊደል ላይ ግን ገና ናት።

እኛ ጋ የከተማው ላይብረሪ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ለሕፃናት ከተወለዱ እስከ አምስት ዓመታቸው በየወሩ አንድ መጽሐፍ በነፃ ቤት ድረስ ይልካል፣ የተረት ሰዓትም አለው፣ እናት አባት ልጁን ጭኑ ላይ አድርጎ አብሮ ይሰማል እንጂ አስገብቶ አይሄድም። እዚህም የፈለግኩት እሱን ነው።

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ፣ ስሙ ይቅር፣ የልጆች ክፍል አለው ግን በሩ ላይ «ልጅቷ ትግባ፣ አንቺ ውጪ ጠብቂ» አሉኝ። ፊደል ያልጨረሰች ልጅ ብቻዋን ገብታ ምን ታድርግ? ደሞ አጮልቄ ሳይ መደርደሪያው አብዛኛው እንግሊዝኛ ነው፣ እሱማ ቤቷም ሞልቷል። በጣም ከፋኝ።

በማግስቱ እማዬን ይዘን አራት ኪሎ አብርሆት ላይብረሪ ሄድን፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 የተመረቀው ፓርላማው ፊት ለፊት ያለው። ከፒያሳ በእግራችን ነው የሄድነው፣ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቶ ልጅ ይዞ መሄድ እንዴት እንደቀለለ! የልጆች ቦታ ለብቻው አላቸው፣ ሦስታችንም አንድ ላይ ተቀመጥን ማንም ውጡ አላለንም።

እማዬ ፊደል አልቆጠረችም፣ ልጄ የገለጠችው ገጽ ላይ ግን ጅብ ስታይ ቀስ ብላ «ተረት ተረት» አለች፣ «የላም በረት» ያለችው ልጄ ብቻ አይደለችም፣ አጠገባችን የነበሩ ሁለት ልጆችም አብረው መለሱና ወንበራቸውን ጎትተው መጡ። እኔ የተጻፈውን አነባለሁ እማዬ የምታውቀውን ትጨምራለች፣ እንደዚህ እንደዚህ እያልን አንድ ሰዓት ሄደ፣ በመሃል ልጄ ጣቷን «ጅ» ላይ አድርጋ «ጅብ እዚህ ነው የሚጀምረው?» ስትለኝ እንባዬ መጣ።

የላይብረሪ ኃላፊዎች ካነበባችሁት ልመናዬ ይሄ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ቁርጥ አድርጋችሁ ለቤተሰብ ስጡ፣ አያቶችም ማንበብ ቻሉ አልቻሉ ይጠሩ፣ ተረቱ እነሱ ጋ ነው ያለው።

ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ በጠዋት ሂዱ፣ እኛ ስንወጣ ተማሪው እየሞላ ነበር። እኛ ሐሙስ ወደ አብርሆት እንመለሳለን፣ እማዬ ለልጆቹ ስለ ጦጣዋ ልትነግራቸው ቃል ገብታለች።