ለፕሮቲን ዝግጅት ክፍሉ ባለሙያ ምስጋና፣ ለባልደረቦቼም ጥቆማ

በተቋማችን የጋራ ላቦራቶሪ ውስጥ በፕሮቲን ዝግጅት ክፍል ለሚሠሩት ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ እወዳለሁ። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁ ፈቃዳቸውን አከብራለሁ፤ በተቋሙ የምትሠሩ ግን ማን እንደሆኑ ለማወቅ አትቸገሩም። ያዘጋጁልን ለምርምር ብቻ የሚውል ሪኮምቢናንት (በዘረመል ምህንድስና የተመረተ) የሰው ቲኤንኤፍ-አልፋ ሲሆን፣ የፈለግነውም ማክሮፌጅ የተባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ለዚህ ብግነት ቀስቃሽ ፕሮቲን የሚሰጡትን ምላሽ ለማጥናት ነበር።

ፕሮቲኑ የሚመረተው የሰውን ዘረመል ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ በማስገባት ነው። ዘዴው ፈጣንና ወጪ ቆጣቢ ነው፤ ሆኖም ባክቴሪያው ሲፈርስ ከውጭኛው ሽፋኑ የሚለቀቀው ኢንዶቶክሲን ከፕሮቲኑ ጋር አብሮ ይመጣል። ማክሮፌጆች እጅግ ጥቂት ኢንዶቶክሲን ሲያገኛቸው ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ የተባለው የምልክት መንገድ ይነቃባቸዋል፤ ቲኤንኤፍ-አልፋም የሚያነቃው ይህንኑ መንገድ ነው። ስለዚህ ተመራማሪው የፕሮቲኑን ውጤት ለካሁ እያለ የባክቴሪያውን ቅሪት ሲለካ ሊከርም ይችላል።

የባለሙያዋ ብቃት የታየኝ እዚህ ላይ ነው። ፕሮቲኖችን በመጠናቸው በሚለየው ጄል ላይ በ17 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) አካባቢ አንድ ጥርት ያለ መስመር ሲወጣ ብዙ ሰው ሥራው እንዳለቀ ቆጥሮ ናሙናውን ያስረክባል። እሳቸው ግን ኢንዶቶክሲን ፕሮቲን ባለመሆኑ በኮማሲ ማቅለሚያ እንደማይታይ፣ ጄሉም የፕሮቲኑን ትክክለኛ ቅርጽ እንደማያሳይ አስረዱን። ቲኤንኤፍ-አልፋ ሥራውን የሚሠራው ሦስት ቅጂዎች ተጣምረው 52 ኪሎዳልተን ገደማ ሲሆኑ ነው፤ በጄሉ ዝግጅት ላይ የሚጨመረው ኤስዲኤስ የተባለ ሳሙና መሰል ኬሚካል ደግሞ ይህን ጥምረት ይበትነዋል። በመሆኑም ናሙናውን ሞለኪውሎችን በመጠን በሚለይ ኮለም (የማጣሪያ ቱቦ) አሳልፈው ጥምረቱ መኖሩን አረጋገጡ። የኢንዶቶክሲን ምርመራው ከፈለግነው በላይ ሲያሳይ ርክክቡን አቆሙ፤ ፕሮቲኑን፣ እሱን በሚይዝ ሌላ ኮለም ላይ እንዳለ፣ ኢንዶቶክሲንን በሚያስለቅቀው ሳሙና መሰል ኬሚካል በትራይተን ኤክስ-114 አጥበው እንደገና መረመሩት። መዘግየቱንም ከነምክንያቱ አስቀድመው በጽሑፍ አሳወቁን።

የፕሮቲኑን ንቃት የለኩት ኤል929 በተባሉት የአይጥ ሕዋሳት ላይ ነው፤ የዘረመል ንባብን የሚያግደው አክቲኖማይሲን-ዲ ሲጨመርባቸው ቲኤንኤፍ-አልፋ በቀላሉ ይገድላቸዋል። ውጤቱንም ከዓለም ጤና ድርጅት የማወዳደሪያ ናሙና ጎን ለጎን አቅርበውልናል፤ በእኔ ግምት ከንጽሕና መቶኛው ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ነው፣ ንጹሕ ሆኖ የሞተ ፕሮቲን ሞልቷልና።

ከሁሉ በላይ ያመሰገንኳቸው ግን የራሳቸውን ሥራ የምንፈትንበትን መንገድ ስላሳዩን ነው። ከናሙናው ጥቂት ወስደን እንድናፈላው መከሩን፤ ፕሮቲኑ በሙቀት ሲበላሽ ኢንዶቶክሲን ግን ሙቀቱን ስለሚቋቋም፣ የፈላው ናሙና ሕዋሳቱን አሁንም ካነቃ ተጠያቂው ፕሮቲኑ አይደለም። ኢንዶቶክሲንን የሚይዘው ፖሊሚክሲን-ቢ የተጨመረበት ሌላ መቆጣጠሪያም እንድናክል ነገሩን። የሸጡትን ነገር እንዲህ እንድትጠራጠሩት የሚያግዙ አቅራቢዎች ብዙ አይደሉም።

ስለ አያያዙም አልተዉንም። በረዶ ሆኖ የመጣው ናሙና በተደጋጋሚ እየቀለጠና እየረጋ ንቃቱን እንዳያጣ ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን ተከፋፍሎ በ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች እንዲቀመጥ አሳሰቡን። በቀጠነ ፈሳሽ ውስጥ ያለው ፕሮቲን የቱቦው ግድግዳ ላይ እየተጣበቀ እንዳይጠፋ አልቡሚን የተባለ ሌላ ፕሮቲን ሊጨመርበት ይችላል፤ ናሙናው ሞለኪውሎችን በክብደታቸው ለሚለየው ማስ ስፔክትሮሜትሪ የሚውል ከሆነ ግን አልቡሚኑ ራሱ ውጤቱን ስለሚሸፍን ያለ እሱ መታዘዝ አለበት።

በባክቴሪያ የተመረተ የሰው ፕሮቲን ለመከላከያ ሕዋሳት የምትፈልጉ ባልደረቦቼ ወደዚህ ክፍል እንድትሄዱ እመክራለሁ። ቱቦውን በፍጥነት መረከብ ብቻ ለሚፈልግ ሰው አሠራራቸው ሊያሰለች ይችላል። ትዕዛዝ ስታቀርቡ ፕሮቲኑን በየትኛው ሕዋስ ላይ እንደምትጠቀሙበት፣ የሚፈቀደውን የኢንዶቶክሲን ጣሪያና አልቡሚን ይጨመር አይጨመር የሚለውን አስቀድማችሁ ጻፉላቸው፤ እነዚህን ሳያውቁ ሥራ አይጀምሩም።