ውሉን ያየ ሰው አለ?

ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ። «ቆሻሻ!» አለ የሴት ድምፅ። እኔ ገና ከለንደን ሰዓት አልወጣሁም። ጋቢ ተከናንቤ ቡናው እስኪፈላ እጠብቃለሁ። እማዬ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ «ሁለቱንም ማዳበሪያ አውጪላት» አለችኝ።

በር ላይ የቆመችው ሠላሳን ብታልፍ ነው። ጓንቷ ሁለት ጣቱ ላይ ተቀዷል። አንዱን ማዳበሪያ አንሥታ፣ ዶሮ ተራ እንደገባ ሰው ከፍ ዝቅ አደረገችው።

«ዛሬ ደህና ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ክብደቱ ነዋ! የቡና አተላና የድንች ልጣጭ ሲኖረው ይመዝናል። ሃይላንድ ብቻ ሲሆን አየር ነው የምሸከመው።»

ለካ የሚከፈላቸው በኪሎ ነው። ይህቺን አንድ ነገር ባልሰማ ኖሮ ከአሥር ቀን በኋላ የተቀመጥኩበት ስብሰባ ምንም አይገባኝም ነበር።

ለንደን ስመለስ ጓደኞቼ የሚጠይቁኝ ስለ ሆቴልና ስለ ምግብ ቤት ነው። እኔ ሆቴል አላረፍኩም። አምስቱን ሳምንት ያሳለፍኩት እናቴ ቤት ነው። የተገለገልኩትም ሰፈሩ በሚገለገልበት ነገር ነው። ስለዚህ አስተያየቴም ስለሱ ነው።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም። የመኪና ማቆሚያ የሚያስከፍሉት በማህበር የተደራጁ ወጣቶች ናቸው። የወንድሜን መኪና ይዤ ስወጣ አንድም ቀን አላማረሩኝም። «ተመለሺ፣ ተመለሺ፣ ቁረጪ፣ በቃ!» እያሉ እኔ ብስክሌት የማይገባበት ከመሰለኝ ቦታ ከተቱኝ። ሒሳቡ በቴሌብር ያልቃል። ሕዝብ መጸዳጃ ቤትም ገብቻለሁ፣ አዎ፣ ሆን ብዬ። እሱም በማህበር ነው የሚሠራው። በር ላይ የተቀመጡት እናት ሶፍት ቆርጠው ይሰጣሉ። ወለሉ በረኪና በረኪና ይሸታል። ለንደን መሃል ከተማ ላይ ሲይዘኝ እንዲህ ያለ ቦታ ባገኝ ደስታውን አልችለውም። ስለነዚህ ሌላ የምለው የለኝም።

ቆሻሻው ግን ሌላ ታሪክ ነው።

የስብሰባው ጥሪ በሰፈሩ ቴሌግራም ግሩፕ መጣ። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት፣ ወጣት ማዕከል አዳራሽ፣ «የአገልግሎት አሰጣጥን በተመለከተ ከነዋሪው ጋር የሚደረግ ውይይት»። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተዘጋጅታ ቁጭ አለች። ስብሰባው አራት ሰዓት ሩብ ላይ ተጀመረ። «ቀድሞ የመጣ ወንበር ያገኛል» ብላኝ ነበር፣ እውነቷን ነው፤ ከኋላችን የመጡት ግድግዳ ተደግፈው ነው የዋሉት።

መድረኩ ላይ አራት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሦስቱ የወረዳው ምክር ቤት አባላት ናቸው፣ አንዱ የጽዳት ባለሙያ ነው። ሰብሳቢው ገና ሲከፍቱ «አንዳንድ አገልግሎቶችን ለሦስተኛ ወገን በማስተላለፍ» አሉ። እማዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «የመኪና ኢንሹራንስ ነው እንዴ?» አለችኝ። ሳቄን ዋጥኩት። ከፊታችን የተቀመጡ ሽማግሌ ግን እጅ አውጥተው በግልጽ ጠየቁ። «አንደኛው ወገን መንግሥት ነው። ሦስተኛው ማህበሩ ነው። ሁለተኛው ማነው?»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። መልስ ግን አልተሰጣቸውም።

እዚህ ላይ አሠራሩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። አዲስ አበባ ቆሻሻን ከየቤቱ የመሰብሰቡን ሥራ በጥቃቅንና አነስተኛ ለተደራጁ ማህበራት መስጠት ከጀመረች ቆይታለች፤ ነገሩ የ1990ዎቹ ነው። አብዛኞቹ ሠራተኞች ሴቶች ናቸው። ከየበሩ ይሰበስባሉ፣ በጋሪ ወይም በጀርባ ገንዳው ድረስ ያደርሳሉ። ከዚያ ወዲያ መኪናው ወደ ከተማዋ ቆሻሻ መጣያ፣ ወደ ቆሼ ይወስደዋል። ነዋሪው ለሰብሳቢዋ በእጁ አይከፍልም። ክፍያው ከውሃ ቢል ጋር ተጨምሮ ይመጣል። ለዓመታት የተሠራበት ሒሳብ ለመኖሪያ ቤት የውሃው 20 በመቶ፣ ለንግድ ቤት 42.5 በመቶ ነበር። ማለትም የምትከፍለው በጣልከው ቆሻሻ ልክ ሳይሆን በጠጣኸውና ባጠብክበት ውሃ ልክ ነው።

«እኔ ጎመኔን ባጠጣሁ የቆሻሻ ይጨመርብኛል» አሉ አንዲት እናት። «ጎመን ደግሞ ቆሻሻ የለውም፣ ሁሉንም እንበላዋለን።»

ቀጥሎ የተነሳው ሰው ከግቢው ጀርባ አራት ተከራይ አለው፣ ቆጣሪው አንድ ነው። የሱ ጉዳይ ብቻ ሃያ ደቂቃ ወሰደ። እዚህ አላነሳውም። ከተከራዮቹ ጋር ይፍታው።

ዋናው ክርክር የተነሳው ከምክር ቤት አባላቱ መካከል ነው። እኔ ያልጠበቅሁት ይሄንን ነው። መድረክ ላይ ያሉት አንድ ቋንቋ ይናገራሉ ብዬ ነበር የገመትኩት። ወጣቱ የምክር ቤት አባል «ማህበራቱ አቅም የላቸውም፣ መኪና ላለው ድርጅት እንስጠው» አለ። በስልኩ ያነሳውን ሞልቶ የፈሰሰ ገንዳ ፎቶ እያሳየ ነው የሚናገረው። አጠገቡ የተቀመጡት ሴት፣ መምህርት ናቸው፣ ማይኩን ተቀብለው «ወንድሜ፣ መኪናው ታች ሰፈርን በምን ይወርዳል? በገመድ?» አሉት። አዳራሹ አጨበጨበ። ወጣቱም ዝም ብሎ አልቀረም። «ማህበሩስ መቼ ወረደ?» አላቸው። ለሱም ተጨበጨበለት።

ታች ሰፈር ማለት ከኛ ቤት በታች ወደ ወንዙ የሚወርደው ነው። መንገዱ ግማሹ ደረጃ ነው፣ ግማሹ ጭቃ። ጋሪ አይገባም። ከዚያ የመጡ አዛውንት ተነሡና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ወንዝ ውስጥ ቆሻሻ የሚጥል አለ ትላላችሁ። አዎ፣ እኛ ነን። ሦስት ሳምንት ማዳበሪያውን አስሬ በር ላይ አስቀመጥኩት። ውሻ ዘረገፈው። ደንብ አስከባሪ መጥቶ እቀጣሃለሁ አለኝ። የት ልጣለው? ንገሩኝ፣ እዚያው እጥለዋለሁ።»

ዝም ተባለ። የሚያጨበጭብም አልነበረም።

ከዚያ የማህበሩ ሊቀመንበር ተነሳች። ቁመቷ አጭር ነው፣ ድምፅዋ ግን ማይክ አያስፈልገውም። ስብሰባው ላይ ቁም ነገር የሰማሁት ከሷ ነው። «እኛ የሚከፈለን በኪሎ ነው» አለች። «አስፋልት ዳር አንድ ኮንዶሚኒየም ገብቼ ጋሪዬን በአንድ ጊዜ እሞላለሁ። ታች ሰፈር ወርጄ ያንኑ ኪሎ ለማምጣት ሦስት ሴት ግማሽ ቀን ትሸከማለች። ዋጋው ግን አንድ ነው። ልጆቼን ኑ ውረዱ ብላቸው ይወርዳሉ። ወር ሲሞላ ግን ምን እከፍላቸዋለሁ?»

ገንዳውንም አነሣች። መኪናው በጊዜው ሳይመጣ ሲቀር ቆሻሻው ሦስት አራት ቀን ፀሐይ ላይ ይውላል። እርጥበቱ ይተናል። እነሱ በጀርባቸው የተሸከሙት ኪሎ ሚዛን ላይ አይደርስም። «ክረምት ይሻለናል» አለች፣ «ዝናብ ይመርቅልናል።» አንዳንዱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

እኔ ያን ረቡዕ ጠዋት በራችን ላይ ከፍ ዝቅ ያለው ማዳበሪያ ታወሰኝ። ነገሩ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። የሥራው ክፍያ ለኪሎ ከሆነ ሠራተኛዋ ኪሎ ወዳለበት ትሄዳለች። ስንፍናም ክፋትም አይደለም። የታች ሰፈሩ አዛውንት በር ላይ ያለው ቆሻሻ ስለመነሣቱ ማንም የሚከፍል የለም። መኪና ያለው ድርጅት ቢመጣና በዚያው በኪሎ ቢዋዋል፣ እሱም ኮንዶሚኒየሙን አንሥቶ ይሄዳል። ወጣቱ የምክር ቤት አባል ይሄ አልታየውም፣ ወይም ሊያየው አልፈለገም።

ሊቀመንበሯ ልትቀመጥ ስትል አንድ ሰው ከኋላ «ከቆሻሻ ውስጥ የሚሸጥ ነገር ታገኙ የለ!» አላት። መለሰችለት። «ሃይላንዱን ቆራሌው ቀድሞን ይወስደዋል። ለኛ የሚቀረው የሕፃን ዳይፐር ነው። አንተ ትገዛኛለህ?» አክላም ስለ ቆሼ አንድ ነገር ተናገረች። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞቷል። ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያወጣው ኃይል ማመንጫ እዚያው ረጲ የተመረቀው በዓመቱ፣ በነሐሴ 2010 ነው። «እናንተ ከበራችሁ ሲወጣ ያለቀ ይመስላችኋል» አለች፣ «እኛ የሚሄድበትን እናውቃለን።»

ሰብሳቢው ሲያጠቃልሉ «ነዋሪውን ሳናማክር የምንወስነው ነገር የለም» አሉ። ከኋላዬ አንድ ወጣት «ወስነው ነው የሚያማክሩን» ብሎ አጉረመረመ። እኔ ግን ትዝ ያለኝ ባርኔት ነው።

ባርኔት ሰሜን ለንደን ውስጥ የምኖርበት ሰፈር ነው። የባርኔት ካውንስል እ.ኤ.አ. በ2013 ብዙውን የቢሮ ሥራ፣ ስልክ መቀበሉን፣ የሰው ኃይሉን፣ የፕላን ፈቃዱን ሳይቀር፣ ካፒታ ለተባለ ኩባንያ ለአሥር ዓመት ሰጠ። ሰዉ «ኢዚካውንስል» እያለ ይቀልድበት ነበር፣ በርካሹ አየር መንገድ በኢዚጄት ስም። አንዲት ነዋሪ ፍርድ ቤት ሄዱ። ዳኛው ምን አሉ? ካውንስሉ ሥራውን ለውጭ ድርጅት ስለመስጠቱ ነዋሪውን ማማከር ነበረበት፣ አላማከረም አሉ። ክሱን ግን ጣሉት። ለምን? የማመልከቻው ጊዜ አልፏል። እውነት አለሽ፣ ግን ረፍዶብሻል፣ እንደማለት ነው። በኋላ ካውንስሉ ራሱ አብዛኞቹን ሥራዎች አንድ በአንድ ወደ ቤቱ መለሰ።

ስለዚህ ጠባብ አዳራሽ ውስጥ ሦስት ሰዓት ተቀምጦ መሰማቱ ለኔ ቀላል ነገር አይደለም። ይሄን ስል ግን አንድ ነገር እየቆረቆረኝ ነው። ሁሉም ስለ ውሉ ያወራል። ማህበሩ ውሉን ጥሷል ይባላል፣ ውሉ ይታደስ ይባላል፣ ውሉ ይቋረጥ ይባላል። ውሉን የያዘ ሰው አዳራሹ ውስጥ አላየሁም።

እጄን አወጣሁ። እዚህ ላይ ላስረዳ፣ እኔ ያለኝ ቢጫ ካርድ ነው። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ድምፅ መስጠት አይፈቅድም። እጅ ከማውጣት ግን የከለከለኝ የለም። «ይቅርታ፣ ውሉን ያየ ሰው አለ?» አልኩ።

ከመድረክ «እህታችን ከውጭ ነው የመጡት መሰለኝ» ተባለ። ሰው ዞሮ አየኝ። እማዬ «የኔ ልጅ ናት!» አለች ጮክ ብላ፣ አዳራሹን ልትገስጽ ይመስል። ሰብሳቢው ፈገግ ብለው «ውሉ ጽሕፈት ቤት አለ። ማንም ነዋሪ መጥቶ ማየት ይችላል» አሉ። ቃለ ጉባኤ ላይም ተጻፈ፣ ጸሐፊዋን አይቻታለሁ።

ሰኞ ሄድኩ። ቁልፉን የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ። ማክሰኞም ስብሰባ ላይ ነው። ረቡዕ አንዲት ወጣት ሠራተኛ አየችኝ፣ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ከሌላ ሣጥን ውስጥ ኮፒውን አውጥታ ሰጠችኝ። ቆሜ አነበብኩት። አራት ገጽ ነው። ስለ ሪፖርት ረጅም አንቀጽ አለው። ስለ ዩኒፎርም ረጅም አንቀጽ አለው። ስለ አሰባሰቡ ያለው ሁለት መስመር ነው። ከክልሉ ሁሉም ቤቶች፣ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ። ደረጃ ወይም ጭቃ የሚል የለበትም። ሁሉም ይላል። ሁለቱን መስመር በእጄ ገልብጬ ለእማዬ ወሰድኩላት። ማግኔት አድርጋ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው፣ ከመድኃኒት ሰዓቷ አጠገብ።

ለመጪ ዳያስፖራ የምመክረው አንድ ነገር ነው። ለሰብሳቢዋ ወፍራም የጎማ ጓንት ይዛችሁ ሂዱ። ከሽቶና ከቸኮላት የበለጠ ይመሰገናል። እኔ ሳልይዝ ሄጄ መርካቶ ስፈልግ ዋልኩ።

ባለፈው እሑድ ለእማዬ ደወልኩ።

«ረቡዕ መጡ?»

«መጡ።»

«ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜ አልመጡም። ሰኞ መጣች፣ ያቺው ልጅ። ሻይ ሰጠኋትና ወረቀቷን ከፍሪጁ ላይ ነቅዬ አነበብኩላት።»

«ምን አለች?»

«እሷም አይታው አታውቅም።»